ሣሩን ማን በላው?

ኦገስት ሊያልቅ ሲል በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የመኖሪያ ሰፈሮች ማታ ደህና የነበረ የግቢ ሣር ሲነጋ ተገለባብጦ፣ አፈሩ ተጭሮ ይገኛል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የጎረቤቱን ውሻ ነው። ጫሪዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ራኩንና ስከንክ የተባሉት የሌሊት እንስሳት ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ከሣሩ ጉዳይ የላቸውም፤ የመጡት ከሥሩ ለተኛው ነጭ ትል ነው። ሣሩ እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ሥሩ ተበልቷል።

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዉድብሪጅ ቤት ገዝተው የገቡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከቤቱ ጋር ሁለት ነገር አብረው ይረከባሉ፦ ሣርና የማጨድ ሥራ። አገር ቤት ሳሉ ግቢያቸው ሣር የነበረው እንኳ ማጨዱን ለአትክልተኛ የሚተዉ ነበሩ። እዚህ ሣሩ ሲረዝም ወይም ሲደርቅ ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል፤ ማሽን ገዝቶ የሚገፋውም ባለቤቱ ራሱ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ስህተቶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ሣሩን ማን እንዳደረቀው ሳያዩ መድኃኒት መርጨት ነው። ሁለተኛው የማሽኑን እሳት ሳያቋርጡ እጅን ከሥሩ መስደድ ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ያስከፍላል፤ ሁለተኛው ጣት።

ከኒው ጀርሲ የተነሣው ጥንዚዛ

ነጩ ትል የጥንዚዛ እጭ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ እጫቸው የሣር ሥር የሚበላ የጥንዚዛ ዘሮች ብዙ ቢሆኑም በስም የገነነው የጃፓን ጥንዚዛ ነው። በአሜሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1916 በኒው ጀርሲ፣ ሪቨርተን አጠገብ በነበረ የችግኝ ማፍያ ውስጥ ነበር። ከጃፓን ከመጣ የአበባ ተክል ጋር፣ በሥሩ አፈር ተደብቆ እንደገባ ይታመናል። ጥንዚዛው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ገላው የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ የክንፉ ሽፋን የመዳብ ቀለም ያለው ነው። ጽጌረዳና ወይንን ጨምሮ ከ300 የሚበልጡ ዕፅዋትን ይበላል።

ልጆቹ የሚበሉት ግን ሌላ ነው። እናቲቱ ከጁን መጨረሻ እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ እርጥበት ያለው ሣር እየመረጠች ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል አፈር ውስጥ ትጥላለች። በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። እጩ ጭንቅላቱ ቡናማ፣ ገላው ነጭ፣ ግማሽ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ ነው። እስከ ኦክቶበር ድረስ የሣሩን ሥር ሲበላ ይቆይና ብርዱ ሲመጣ ወደ ታች ጠልቆ ይከርማል። በጸደይ ወደ ላይ ተመልሶ ጥቂት ከበላ በኋላ በጋው ሲገባ ጥንዚዛ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ያልቃል፤ መከላከያውም የሚሠራው ይህን የቀን መቁጠሪያ ተከትሎ ሲደረግ ብቻ ነው።

ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም። ቡናማ የሆነውን ሣር በእጅ ጨብጦ መሳብ ነው። ሥሩ የተበላ ሣር እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሣል፤ ካልተነሣ ጥፋተኛው ሌላ ነው። ከተነሣ ደግሞ ቡናማው ከአረንጓዴው በሚዋሰንበት ቦታ ላይ ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በአካፋ በሦስት በኩል ቆርጦ መግለጥ፣ እስከ ሰባት ወይም ስምንት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር በጣት እያፈረሱ ትሉን መቁጠር ነው። ጤናማ ሣር በዚያች ካሬ ውስጥ እስከ ስምንትና አሥር ትል ቢኖርም ይችለዋል። ሦስት ወይም አራት አይቶ መርዝ ሊገዛ የሚሮጥ ሰው ላልታመመ ግቢ መድኃኒት እየገዛ ነው።

በመድኃኒቱ ላይ ከዓይነቱ ይልቅ ወሩ ይወስናል። ክሎራንትራኒሊፕሮል የተባለው መከላከያ ቀስ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ ከአፕሪል እስከ ጁን መጀመሪያ፣ እንቁላሉ ገና ሳይጣል ይበተናል፤ ወደ ሥሩ እንዲወርድም ሣሩ ውሃ ይጠጣል። ለንብ የሚያሰጋው ከብዙዎቹ ያነሰ ነው። በሴፕቴምበር ትሉን በዓይኑ አይቶ ይህንኑ የሚበትን ሰው ግን ዘግይቷል። በጸደይ የሚገኘው ትል ደግሞ አድጎ የወፈረ፣ መድኃኒት በቀላሉ የማይገድለው፣ ራሱም መብላቱን ሊያቆም የቀረበ ነው። በዚያ ወቅት የሚረጨው አብዛኛው ከንቱ ይቀራል።

ኬሚካል ለማይፈልግ ሰው ኔማቶድ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ትሎች አሉ። እጩ ውስጥ ገብተው ይገድሉታል፤ ሰውንና የቤት እንስሳን አይነኩም። የሚሸጡት በሕይወት ስለሆነ ሙቀትና ፀሐይ ይፈጃቸዋል። ስለዚህ ትሉ ገና ትንሽ በሆነበት በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ማምሻውን፣ ውሃ በጠጣ አፈር ላይ ይረጫሉ። ሚልኪ ስፖር የሚባለው የባክቴሪያ ዱቄትም እ.ኤ.አ. በ1948 ተመዝግቦ እስከ ዛሬ ይሸጣል። እሱ ግን የሚገድለው የጃፓን ጥንዚዛን እጭ ብቻ ነው፤ እንዲዳረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ውጤቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ከሁሉም ርካሹ መከላከያ ውሃ መንፈግ ነው። የጥንዚዛዋ እንቁላል ያለ እርጥበት አይፈለፈልም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደርቆ በጁላይ አንድ ግቢ ብቻ ማታ ማታ ውሃ የሚጠጣ ከሆነ የሰፈሩ ጥንዚዛ የት እንደሚሰበሰብ ግልጽ ነው። ጥንዚዛን በመዓዛ የሚስበው ባለ ቢጫ ከረጢት ወጥመድም በተመሳሳይ መንገድ ባለቤቱን ይከዳዋል። ከሚይዘው ይልቅ የሚጠራው ይበዛል፤ ከጽጌረዳው አጠገብ የሰቀለው ሰው ጽጌረዳውን ያስበላል።

መድኃኒት ከመግዛት በፊት ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሕግ በግቢ ሣር ላይ ለውበት ሲባል የሚረጩ አብዛኞቹን ሰው ሠራሽ ፀረ ተባዮች ከልክሏል። ሕጉ ፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቶ በ2019 በይግባኝ ጸንቷል። የሜሪላንድ ግዛትም ከ2018 ጀምሮ ንብን በመጉዳት የሚታወቁት ኒዮኒኮቲኖይድ የተባሉ መድኃኒቶች ለተራ ሸማች እንዳይሸጡ አግዷል። ፖቶማክን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ከመደርደሪያ የተነሣ ዕቃ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ የተከለከለ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዕቃው ላይ የተለጠፈው መመሪያ ደግሞ በየትኛውም ግዛት የሕግ ኃይል አለው፤ ከተጻፈው መጠን በላይ መርጨት የፌዴራል ሕግ መጣስ ነው።

አገር ቤትም የሚታወቅ ተምች

ሁሉም ተባይ ከሥር አይበላም። እ.ኤ.አ. በ2021 በጋ በአሜሪካ ደቡብና ምሥራቅ በርካታ ግቢዎች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ተለወጡ። ያደረቃቸው ፎል አርሚዎርም የተባለው ተምች ነበር። ይህ ነፍሳት ውርጭ አይችልም፤ ክረምቱን የሚያሳልፈው በደቡብ ፍሎሪዳና በደቡብ ቴክሳስ ሲሆን የእሳት ራቱ በየዓመቱ ወደ ሰሜን ይበራል። እንቁላሉን በቤት ግድግዳ፣ በአጥርና በመብራት ምሰሶ ላይ ሳይቀር ይጥላል። አባጨጓሬው ሲያድግ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የዋይ ፊደል የመሰለ ነጭ መስመር ይታያል። ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ነው፤ ለዚህም ነው ጉዳቱ በአንድ ሌሊት የመጣ የሚመስለው።

ይኸው ተባይ እ.ኤ.አ. በ2016 አፍሪካ ውስጥ ተገኝቶ በ2017 ኢትዮጵያ ደረሰ። መጤ ተምች የሚል ስም ወጥቶለት በቆሎ ላይ ሲወርድ አርሶ አደሮች በእጃቸው እየለቀሙ ሲገድሉት ሰንብተዋል። እዚያ የቤተሰብ ቀለብ የሚያሳጣው ነፍሳት እዚህ የግቢ መልክ ያበላሻል።

ተምች መኖሩን ለማወቅ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በአንድ ጋሎን ውሃ በጥብጦ ጎኑ አንድ ሜትር በሚሆን ሣር ላይ ማፍሰስ ይበቃል። ሳሙናው ቆዳቸውን ስለሚቆጠቁጣቸው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይ ይወጣሉ። ትንሽ ሳሉ ከተደረሰባቸው ለማጥፋት ይቀላሉ፤ አድገው ከወፈሩ በኋላ ግን ጥፋቱ ተፈጽሟል። አሜሪካውያን ቤርሙዳ የሚሉት፣ በአማርኛ ሰርዶ የሚባለው ሣር በመሬት ላይ እየተሳበ ስለሚያቆጠቁጥ ብዙውን ጊዜ ያገግማል። በሜሪላንድ ግቢዎች የተለመደው ቶል ፌስኪው ግን እንደገና መዘራት ሊያስፈልገው ይችላል።

ሦስተኛው ቺንች ባግ የምትባለው ጥቃቅን ነፍሳት ናት። ፀሐይ የሚያነደውን ቦታ፣ በተለይ የእግረኛ መንገድና የመኪና መግቢያ ዳርን ትወዳለች፤ የሣሩን ጭማቂ እየመጠጠች ምራቋን ትተዋለች፤ ያ ምራቅ ሣሩን ይመርዘዋል። ድርቅ የመታው ስለሚመስል ባለቤቱ ውሃ ቢያጠጣውም አይመለስም። መመርመሪያዋ ሁለት አፉ የተከፈተ የቡና ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን በቡናማው ዳር መሬት ውስጥ ጥቂት ገፍቶ ውሃ ሞልቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ካለች ትንሳፈፋለች።

አራተኛው ተጠርጣሪ

ሣሩ አልተነቀለም፣ ሳሙናው ምንም አላወጣም፣ በቆርቆሮውም የተንሳፈፈ የለም እንበል። ያን ጊዜ ከነፍሳት ውጭ ማየት ነው። የፌስኪው ሣር በጁላይ ሙቀት ውሃ ሲያጣ ያንቀላፋል፤ አልሞተም፣ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። የውሻ ሽንት ክብ ቡናማ ቦታ ይተዋል፤ ዙሪያው ግን ከሌላው ሣር ይበልጥ ይለመልማል። ግቢው በሙሉ ከታጨደ በሁለተኛው ቀን ግራጫማ መልክ ካመጣ ደግሞ ጎንበስ ብሎ አንድ ቅጠል መመልከት ነው። ጫፉ በጥሩ ሁኔታ ከመቆረጥ ይልቅ ተቦጫጭቆ ከደረቀ ሣሩን የጎዳው የማሽኑ ዱልዱም ቢላ ነው።

ማሽኑ በሌላም መንገድ ተባይን ያግዛል። ሣርን ወደ መሬት አስጠግቶ መላጨት በብዙዎች ዘንድ ድካም የሚቀንስ ይመስላል። ፌስኪው ግን ከሰባት ተኩል እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ሲቆም ነው ሥሩን በጥልቀት የሚሰደው፤ ሥሩ የጠለቀ ሣር ደግሞ ጥቂት ትል ቢበላውም ይተርፋል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሢሶ በላይ አለመቁረጥ ይመከራል። የታጨደውን በከረጢት ሰብስቦ መጣልም አስፈላጊ አይደለም፤ በዚያው ሲበሰብስ ሣሩ በዓመት ከሚፈልገው ናይትሮጅን እስከ አንድ አራተኛ የሚሆነውን ይመልሳል።

ሦስት ሰከንድ

የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ እ.ኤ.አ. በ1830 በእንግሊዝ አገር፣ ስትራውድ አጠገብ የሠራው ኤድዊን በዲንግ ሐሳቡን ያገኘው በሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ የጨርቅ ጠጉር ከሚከረክም ማሽን ነበር። የእሱ ማጨጃ በሰው ጉልበት ተገፍቶ ቀስ ብሎ የሚሽከረከር ነበር። ዛሬ በየጋራዡ ያለው ሌላ ፍጥረት ነው። 53 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቢላ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚያ ፍጥነት የተመታ ጠጠር ወይም የሽቦ ቁራጭ የመኪና መስታወት ይሰብራል፤ ዓይን ያጠፋል።

የአሜሪካ የሸማች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1982 አጋማሽ ወዲህ የሚሠሩ በእግር የሚገፉ ማጨጃዎች መያዣው ሲለቀቅ ቢላቸው በሦስት ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም አስገድዷል። በእጀታው ላይ ያለው፣ ሲጨበጥ ማሽኑን የሚያሠራው ዘንግ የተቀመጠው ለዚህ ነው። እጅ ስለሚያደክም በሽቦ ወይም በፕላስተር የሚያስሩት አሉ። ያሰረው ሰው ተንሸራቶ ቢወድቅ ማሽኑ አይቆምም። ሦስቱ ሰከንድም ቢሆኑ ረጅም ናቸው፤ ሞተሩ ጸጥ ካለ በኋላ ቢላው ጥቂት ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል።

ከማጨድ በፊት ግቢውን ዞሮ ድንጋይ፣ መጫወቻና ሽቦ መልቀም ያስፈልጋል። ነጠላ ጫማ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የተሸፈነ ጫማ፣ ረጅም ሱሪና የዓይን መከላከያ ይደረጋል። የቤንዚን ማሽን ጩኸት ጆሮ የሚጎዳ ስለሆነ የጆሮ መድፈኛም አይረሳ። ልጆች ቤት ውስጥ ይቆዩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምክር በእግር የሚገፋውን ማሽን ከ12 ዓመት በታች፣ ተቀምጠው የሚነዱትን ደግሞ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይነካ ነው። ልጅን በጉልበት ላይ አስቀምጦ እየነዱ ማጫወት የተወደደ ልማድ ቢሆንም የተቆረጡ እግሮች ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይጀምራል።

አቀበት ያለው ግቢ የራሱ ዘዴ አለው። የሚገፋው ማሽን ተዳፋቱን አግድም ይሄዳል፤ ሰው ቢንሸራተት እግሩ ከሥሩ እንዳይገባ ነው። የሚነዳው ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ አግድም ከሄደ ሊገለበጥ ይችላል። እርጥብ ሣር ላይ ሁለቱም ያንሸራትታሉ። ወደ ኋላ እየጎተቱ ማጨድ ሲቻል ይቅር።

ካንዴላው መጀመሪያ

ማሽኑ ሣር ተጠቅጥቆበት ሲቆም እጅ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ቢላው ነው። አደጋው እዚያ አለ። ቢላው ከሞተሩ ዘንግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በእጅ ሲዞር ሞተሩም ይዞራል፤ ካንዴላው እሳት ከሰጠ የቆመው ማሽን ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የትኛውም ጥገና የሚጀምረው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቢላው መቆሙን አይቶ፣ የካንዴላውን ገመድ ነቅሎ ራቅ በማድረግ ነው። የባትሪ ማሽን ከሆነ ባትሪው ወይም ቁልፉ ይወጣል።

ቀጥሎ ማሽኑ ይጋደማል። አየር ማጣሪያውና ካርቡራቶሩ ያሉበት ጎን ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ተገልብጦ ከተኛ ዘይቱ ፊልትሮው ውስጥ ይፈስሳል፤ ሲነሣም ያጨሳል። የነዳጅ ጋኑ ባዶ ሲሆን ሥራው ይቀላል። በወፍራም ጓንት ቢላውን ይዞ፣ እንዳይዞር እንጨት ጎን ላይ አስደግፎ ቡሎኑን በቁልፍ መፍታት ነው። ከመፈታቱ በፊት የታችኛውን ፊት በቀለም ምልክት ማድረግ ይጠቅማል፤ ተገልብጦ የታሰረ ቢላ አያጭድም።

ቢላው በሞረድ ሲሳል የፋብሪካው ዘንበል ያለ ማዕዘን ይጠበቃል። እንደ ወጥ ቤት ቢላ ስል መሆን አያስፈልገውም። ከሁለቱ ጫፎች እኩል መነሣቱ ግን ግድ ነው። መሐሉን በግድግዳ ሚስማር ላይ አንጠልጥሎ ሚዛኑን ማየት ይቻላል፤ ወደ አንዱ ወገን ካዘመመ ያ ጎን ጥቂት ይሞረዳል። ሚዛን የሌለው ቢላ ማሽኑን እያንቀጠቀጠ የሞተሩን ዘንግ ይጎዳል። የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ከሆነ አይጠገንም፤ ይጣላል። 25 ሰዓት ያህል ከተሠራበት በኋላ መሳል ለአብዛኛው ግቢ በቂ ነው።

ዘይት በየጊዜው ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ይታያል፤ አዲስ ሞተር ከመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዓታት በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ብዙውን ጊዜ በየ50 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ይቀየራል፤ ቁርጡን የሚናገረው የማሽኑ መመሪያ ነው። የተቀየረው ዘይት ወደ መልሶ መጠቀሚያ ጣቢያ ይሄዳል። ቤንዚን የሚሞላው ውጭ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ የጋለ ማርሚታ ላይ የፈሰሰ ነዳጅ ይቀጣጠላል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሣት ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማል፤ እሱም ይገድላል።

በማደያው ሲታይ ርካሽ የሆነው ነዳጅ ሁሉ ለዚህ ማሽን አይሆንም። አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው፤ ያ ይቻላል። 15 በመቶ ኤታኖል ያለውን ግን ለትናንሽ ሞተሮች መጠቀም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ከወር በላይ የተቀመጠ ቤንዚን እየተበላሸ ካርቡራቶሩን ይዘጋል። ክረምቱን ተቀምጦ በአፕሪል እምቢ የሚል ማሽን ብዙውን ጊዜ ሌላ በሽታ የለበትም። ከበረዶው በፊት ነዳጁን አቃጥሎ መጨረስ ወይም ማቆያ ፈሳሽ ጨምሮ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ ማሠራት ይህን ያስቀራል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከማሽኑ ወጥቶ ውርጭ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል።

የተበላው ቦታ

በትል የተጎዳ ግቢ የሚጠገነው በመከር ነው። በሜሪላንድ ፌስኪው ለመዝራት የሚሻለው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ሲሆን በጸደይ የተዘራው ግን ሥር ሳይዝ ሙቀት ይደርስበታል። ኢንዶፋይት የሚባል ረዳት ፈንገስ በውስጡ ያለው ዘር ቺንች ባግንና ሌሎች ከላይ የሚበሉ ነፍሳትን ይቋቋማል፤ የሥር ትልን ግን አይከላከልም።

በየዓመቱ የሚደርቀውን ጥግና ማሽን የሚያንሸራትተውን ቁልቁለት ግን እየደጋገሙ መዝራት ግዴታ አይደለም። በቁጥቋጦ፣ በአበባና በአገሬው ተክል መሸፈን ይቻላል። የማኅበሩን ደብዳቤ ለሚፈሩ የሜሪላንድ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የግዛቱ ሕግ አለላቸው፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ስለ ግቢ ንድፍና አያያዝ ምክንያታዊ ደንብ ማውጣት ቢችልም ባለቤቱ ግቢውን በሣር እንዲሸፍን ሊያስገድደው አይችልም።